መብራትንና መንገድን ያስታረቁት የወ/ሮ እታገኝ ወርቅነህ የሕይወት ታሪክ

ዛሬ አስከሬናቸው በፊታችን ያረፈው ወ/ሮ እታገኝ ወርቅነህ በቀድሞው አጠራር በጎጃም ክፍለ ሀገር፣ ብቸና አካባቢ፣ ከአባታቸው ከአቶ ወርቅነህ ሙጬና ከእናታቸው ከወ/ሮ ዝማም አያሌው በ1948 ዓ.ም. ተወለዱ። ለወላጆቻቸው የመጀመሪያዋ እርሳቸው ናቸው፤ የመጨረሻው ይህን ጽሑፍ ያዘጋጀው ወንድማቸው አስናቀው ነው። በመካከል የነበሩትን እግዚአብሔር ቀድሞ ወስዷቸዋል።

ይህን ጽሑፍ የተማረ ሰው ይጻፈው ያሉ ነበሩ። የዕድራችን ጸሐፊ አቶ በሪሁን ደግሞ ከአንድ ገጽ እንዳይበልጥና «መንግሥትን የሚነካ ነገር» እንዳይገባበት አሳስበው ነበር። ይህን የጻፈው አስናቀው ስድስተኛ ክፍል ላይ ያቆመ ሰው ነው፤ አይክድም። ነገር ግን እህቱ ናቸው። የተማሩት ሁሉ እርሳቸው በሕይወት ሳሉ ምን እንደጻፉላቸው እናውቃለን። ስለዚህ ገጹ ከበዛ ታገሡ፤ ፀሐዩ የከበደው ወደ ዛፉ ሥር ይጠጋ።

ወ/ሮ እታገኝ ገና ልጅ ሳሉ አባታቸው ስላረፉ በ1957 ዓ.ም. አጎታቸው ወደ አዲስ አበባ አመጧቸው። አጎታቸው መርካቶ፣ ጭድ ተራ ጭድ ይሸጡ ነበር፤ ጭድ ተራ እውነትም ጭድ የሚሸጥበት ዘመን ነው። ቀን የቤቱን ሥራ እየሠሩ፣ ማታ እየተማሩ እስከ ስምንተኛ ክፍል ደርሰዋል። ከዚያ በላይ ያልሄዱት ጭንቅላት አንሷቸው እንዳይመስላችሁ። የአጎታቸው ሚስት «ከዚህ በላይ ተምራ ማን ሊችላት ነው?» ብለው ነው ያስቀሯቸው። አልተሳሳቱም። ሳይማሩም ማንም አልቻላቸውም።

በ1968 ዓ.ም. እዚያው ጭድ ተራ ወፍጮ ቤት ለነበራቸው ለአቶ ይገረም በላቸው ተዳሩ። ጋብቻውን አጎታቸው አልፈለጉትም ነበር። ሆኖም የአቶ ይገረም ሽማግሌዎች ቤት ገብተው እንደ ወጉ «ጉዳያችን ሳይሰማ አንቀመጥም» አሉና ቆሙ። አጎታቸው ቢለምኑ፣ ቢቆጡ፣ መጠጥ ቢያስቀርቡ ንቅንቅ የለም። ሽማግሌ ቆሞ ባለቤት አይቀመጥምና አጎታቸውም አብረው ቆመው ቆመው፣ ጉልበታቸው ሲዝል «እሺ፣ ውሰዷት፣ ብቻ ተቀመጡ» አሉ። ወ/ሮ እታገኝ ይህን ታሪክ ሲያወሩ እየሳቁ «እኔን የዳረኝ የአጎቴ ጉልበት ነው» ይሉ ነበር።

ከአቶ ይገረም ጋር ልጃቸውን ይድነቃቸውንና ልጃቸውን ፀደይን ወልደው አሳድገዋል። አቶ ይገረም በ1989 ዓ.ም. ከዚህ ዓለም በሞት ሲለዩ «ወፍጮ የወንድ ሥራ ነው፣ ይሸጡት» ያሉ ዘመዶች ነበሩ። አንዳንዶቹ ዛሬም እዚህ ቆመዋል። ወ/ሮ እታገኝ አልሸጡትም። እንዲያውም በርበሬ የሚፈጭበትንና ሽሮ የሚፈጭበትን ወፍጮ ለዩ፤ ከዚያ በፊት የሰፈሩ ሽሮ ሁሉ ሕፃን የሚያስለቅስ ነበር። የሮመዳን ሰሞን ለአንዋር መስጊድ ሰፈር ሰዎች የሾርባ ገብስ የሚከኩት ሌላውን ሥራ አስቁመው ነው። ወረፋ ላይ ደግሞ ወገን አያውቁም። ወንድማቸው ጆንያ ነጋዴ ነው፤ አንድ ቀን የደንበኛውን በርበሬ በጓሮ በር ሊያስገባ ሲል «አስናቀው፣ ያን በር የከፈትኩት ለአየር ነው» ብለው ከነጆንያው መልሰውታል። ሰው ፊት ነው የመለሱት። ብቻ ልክ ነበሩ።

በ2016 ዓ.ም. ከወፍጮ ቤታቸው ፊት ያለው መንገድ ሊሰፋ ተቆፈረ። መንገድ ይስፋ፤ ማንም አልጠላም። ነገር ግን የሰፈሩን ትራንስፎርመር የተሸከመው ምሰሶ ከሚሰፋው ቦታ ላይ ስለነበር ተነቀለ። «ለጊዜው ነው» ተባለ። መንገዱ አለቀ፣ አስፋልቱ ደረቀ፣ አበባ ተተከለበት፣ አበባው ውኃ ጠጣ፤ ምሰሶው ግን አልተመለሰም። ወፍጮው ቆመ። ከአስፋልቱ ዳር ያሉት የፊት ተራ ባለሱቆች ጄኔሬተር ገዙ። ከሱቆቹ በስተጀርባ ባለው የውስጥ ተራ ያሉት ልብስ ሰፊዎች፣ ፀጉር ቆራጮችና ኮት ተኳሾች ግን ጄኔሬተር ከየት ያምጡ? ኢማን የምትባለው ልብስ ሰፊ ከማሽኗ ላይ ሞተሩን አስፈትታ በእግር ወደሚረገጠው ተመለሰች። እናቷ የሰፉበት መርገጫ ነው።

ወ/ሮ እታገኝ ይህን ይዘው ወደ መንግሥት ቢሮዎች ሄዱ። መርካቶ ሰው በሚነግደው ዕቃ ስለሚጠራ እኛም ኃላፊዎቹን እንደዚያው ጠራናቸው። የኤሌክትሪኩ ኃላፊ «መብራቱ»፣ የመንገዱ ኃላፊ «መንገዱ»፣ የመሬት ጉዳይ ኃላፊው «መሬቱ»። አንቱ አላልናቸውም፤ ቢሮ አንቱ አይባልም።

መብራቱ ዘንድ ሲሄዱ «እናቴ፣ እኛ ዝግጁ ነን፤ መንገድ ነው ቦታ የከለከለን» ይላል። መንገዱ ዘንድ ሲሄዱ «ከኛ በኩል ችግር የለም፤ መሬት ነው ቦታውን ያልለየልን» ይላል። መሬቱ ዘንድ ሲሄዱ «ማን ጠይቆኝ? መብራት መቼ ጠየቀኝና?» ይላል። ያ እንኳ የሚገኙ ቀን ነው። ሌላውን ቀን መብራቱ ስብሰባ ላይ ነው፣ መንገዱ መስክ ወጥቷል፣ መሬቱ ሥልጠና ገብቷል። እንዲህ እያለ ክረምት አልፎ መስከረም ጠባ።

አንድ ቀን ከዚያ ሲመለሱ ወፍጮ ቤቱ በር ላይ ቁጭ አሉና «አሁን ገባኝ። እነዚህ ሰዎች ተኳርፈዋል» አሉ።

ነገሩ እንዲህ ነው። እዚህ ሰፈር ሁለት ጎረቤት ባለሱቆች አንዱ ስለ አንዱ «እሱ ነው ያልጠየቀኝ»፣ «እሱ ነው የዘጋኝ» ሲሉ ከሰማን ምን እንደሆነ አይጠፋንም። ኩርፊያ ነው። ኩርፊያ ደግሞ በማመልከቻ ተፈትቶ አያውቅም። ሽማግሌ ይላክበታል።

ልጃቸው ይድነቃቸው «እማዬ፣ የመንግሥት መሥሪያ ቤት እኮ አይኳረፍም» አላቸው።

«ውስጡ ሰው ነው ያለው አይደል?» አሉት።

አቶ በሪሁን ሳቁ። ሳቃቸው እስከ ሰባተኛ ሰፈር ይሰማ ነበር። ሆኖም ወ/ሮ እታገኝ ሽማግሌ መረጡ፦ ከአንዋር መስጊድ ፊት ለፊት ቅመም የሚነግዱትን ሐጂ ሰላሁዲንን፣ የጫኝና አውራጆች አለቃ የነበሩትን ጋሽ ቶላንና የነፍስ አባታቸውን ቄስ። ወንድማቸው አስናቀውም ልሂድ ብሎ ነበር። «አንተ ትቆጣለህ። የምንሄደው ልናስታርቅ ነው» ብለው አስቀሩት። ነጭ ጋቢውን አጣጥፎ ወደ ቤቱ ተመለሰ። ስለዚህ ቀጥሎ ያለውን ከጋሽ ቶላ አፍ ሰምቶ ነው የጻፈው፤ ጋሽ ቶላ እዚሁ አሉ፣ ከዋሸሁ ያርሙኝ።

ሽማግሌዎቹ መጀመሪያ የገቡት መንገዱ ቢሮ ነው። ወ/ሮ እታገኝ ደረጃው ላይ ተቀምጠው ጠበቁ።

«አባቶች፣ ተቀመጡ» አለ መንገዱ።

«ጉዳያችን ሳይሰማ አንቀመጥም» አሉ ሐጂ ሰላሁዲን።

«ምን ልታዘዝ?»

«ከመብራት ጋር ታረቅልን።»

ሰውዬው በመጀመሪያ የራሱን ቤት ቆጣሪ ይሆናል የሚሉት ብሎ ደነገጠ አሉ። «እኔ እኮ የምከፍለው በሰዓቱ ነው!» አለ። ቄሱ ነገሩን ሲያስረዱት ሳቀ። «አባቶቼ፣ እኛ እኮ አልተጣላንም። በቅንጅት ነው የምንሠራው!»

«ቅንጅት ማለት ምን ማለት ነው ልጄ?» አሉ ሐጂ።

«አብሮ መሥራት ነው ሐጂ።»

«ማለፊያ። የጭድ ተራን ነገር መቼ ነው አብራችሁ የሠራችሁት?»

«እየተጻጻፍን ነው።»

ጋሽ ቶላ ይህን ጊዜ አልቻሉም። «እኔና ባለቤቴም የተጻጻፍነው አንድ ጊዜ ነው፤ ስንፋታ» አሉ።

ሻይ መጣ፤ አልነኩም። ወንበር ተጎተተ፤ አልተቀመጡም። ሽማግሌ ቆሞ ማን ይቀመጣል? መንገዱ ራሱ ከወንበሩ ተነሥቶ ቆመ። ጸሐፊዋ ቆመች። በሩ ክፍት ስለነበር ኮሪደር ላይ ወረፋ የሚጠብቀው ባለጉዳይ ሁሉ አረጋውያኑ ቆመው ሲያይ ከአግዳሚው ላይ ተነሣ። ጥበቃውም «ምንድን ነው፣ ሰልፍ ነው?» ብሎ መጥቶ እርሱም ቆመ። ያ ፎቅ በሙሉ ቆሞ አረፈደ። በመጨረሻ መንገዱ ስልኩን አንሥቶ ደወለ።

«መብራት፣ ቶሎ ና፤ ሽማግሌ ልከውብናል።»

«ምን አድርገን?» አለ መብራቱ።

«እንጃ፤ ተጣልታችኋል ነው የሚሉት። መሬትንም ይዘኸው ና።»

መጡ። ሽማግሌዎቹ ሦስቱን አቁመው በየተራ «ምን በድሎህ ነው?» እያሉ ጠየቁ። ኩርፊያ ሲፈታ እንደሚጠየቀው ነው። ያኔ ነገሩ ወጣ። መብራት፣ መንገድ ይጀምር ብሎ ይጠብቅ ነበር፤ መንገድ፣ መሬት ይጀምር ብሎ ይጠብቅ ነበር፤ መሬት፣ መብራት ይጀምር ብሎ ይጠብቅ ነበር። አንዱም ሌላውን አልጠላም። አንዱም ክፉ አልነበረም። ዝም ብለው ነው። እኛ ግን በእነርሱ ዝምታ ዓመት ሊሞላን ነበር።

ቄሱ «ይቅር ለእግዚአብሔር ተባባሉ» አሉ። ሐጂ ሰላሁዲን «አውፍ ተባባሉ፣ ካሳም አለባችሁ» አሉ። ካሳው፣ ሦስቱም በእግራቸው ጭድ ተራ መጥተው ምሰሶው የሚቆምበትን ቦታ አብረው በጣታቸው እንዲያሳዩ ነበር። ከዚያ ትከሻ ለትከሻ ተሳሳሙ። ሲጀምሩ እየሳቁ ነበር። ጋሽ ቶላ እንደሚሉት ግን ሲጨርሱ የመሬቱ ዓይን እንባ አቅርሮ ነበር። ምናልባት እዚያ ሕንፃ ከገባ ጀምሮ ያቀፈው ሰው አልነበረም ይሆናል። ሐጂ ዱዓ አደረጉ፤ ሁሉም ተቀመጠ፤ የቀዘቀዘው ሻይ ተጠጣ።

ሦስቱ ኃላፊዎች በዚያው ሳምንት አብረው መጡና ቦታውን አሳዩ። ምሰሶው ቆመ፤ መስመሩን መዘርጋት ብቻ ቀረ። የሰፈሩ ሰው እልል አለ። አቶ በሪሁን ቀድሞ የሳቁትን ሳቅ ረስተው «እኔ ድሮም ብያለሁ» ማለት ጀመሩ።

ከዚህ በኋላ ያለውን በደንብ ስሙልኝ።

የታረቁት ኃላፊዎች እውነትም ተዋደዱ። አብረው ምሳ ይበሉ ጀመር፤ አብረው ይሰበሰቡ ጀመር። አንድ ቀን ወ/ሮ እታገኝን በአንድ ትልቅ ሆቴል «የኤሌክትሪክ አቅርቦት ፖሊሲ የጋራ አፈጻጸም» በሚል የምክክር መድረክ ላይ የተጠቃሚ ተወካይ ብለው ጠሯቸው። አዲሱን ነጠላቸውን ለብሰው ሄዱ። መብራትና መንገድ ጎን ለጎን ተቀምጠው አንተ ትብስ አንተ ትብስ ሲባባሉ አዩ። ደስ አላቸው። ከዚያ ሦስቱ በየተራ እየወጡ የጋራ ዕቅዳቸውን አቀረቡ፦ ኤሌክትሪክ ለፊት ተራ ይገባል። የውስጥ ተራ ግን ካርታ የሌላቸው የቀበሌ ቤቶችና ተቀጥላዎች ስለሆኑ፣ ወደፊትም ስለሚነሡ፣ መስመር አይዘረጋላቸውም።

ወ/ሮ እታገኝ እጃቸውን አወጡ። «የውስጥ ተራ ሰው ምሰሶው ከመነቀሉ በፊት መብራት ነበረው እኮ። ቆጣሪም አለው» አሉ።

«እትዬ፣ እሱ በጋራ የተወሰነ ነው» አለ መሬቱ።

«ማንና ማን በጋራ?»

«ሦስታችን።»

ከወንበራቸው ተነሡ። «እኔ ያስታረቅኋችሁ እንድትነጋገሩ ነው፤ እንድታድሙብን አይደለም» አሉና ወጡ። ምሳውንም አልበሉላቸውም።

እንግዲህ ፍረዱ። ሲኳረፉ መስመሩ ለሁላችንም እኩል ጠፍቶ ነበር። ታርቀው መጀመሪያ የተስማሙበት ነገር ደካማውን መተው ሆነ። ሽማግሌዎቹ ዳግመኛ ሄደው ነበር። በዚህኛው ጊዜ ግን በሩ ላይ «ባለጉዳይ በቀጠሮ ብቻ» የሚል ተለጥፏል፤ ጥበቃውም ተመክሯል፤ ኮሪደሩ ላይ የነበረው አግዳሚም ተነሥቷል። አሁን ሁሉም ሰው ቆሞ ነው የሚጠብቀው። የእነ ሐጂ መቆም ከሌላው ሰው መቆም ሳይለይ ቀረ።

መጋቢት 2017 ዓ.ም. ሪባን ሊቆረጥ ድንኳን ተተከለ፣ ካሜራ መጣ። «በሦስቱ መሥሪያ ቤቶች ቅንጅታዊ አሠራር የተገኘ ውጤት» የሚል ትልቅ ጨርቅ ተሰቀለ። የወ/ሮ እታገኝ ስም የለበትም። ሽማግሌ የሚልም የለበትም። ወንድማቸው አስናቀው በገዛ እጁ ጆንያ ሲያነጥፍበት በኖረው ቦታ ላይ «ባጅ የለህም» ተብሎ በደረቱ ተገፍቷል። የገፋው ልጅ የማን ልጅ እንደሆነ እናውቃለን።

ሪባኑ ሲቆረጥ ወፍጮው እንዲዞር፣ ካሜራውም እንዲቀርጸው ነበር የታሰበው። ወ/ሮ እታገኝ የወፍጮ ቤቱን በር ቆልፈው፣ ቁልፉን በነጠላቸው ጫፍ ቋጥረው፣ ደጃፉ ላይ በርጩማ አውጥተው ተቀምጠዋል። መብራቱ ጎንበስ ብሎ መጣ።

«እትዬ እታገኝ፣ ለካሜራ ብቻ ነው። ትንሽ ያዙሩልን።»

«ለካሜራ የሚፈጭ እህል የለኝም።»

«ሕዝቡ መብራት ማግኘቱን እንድናሳይ ነው እኮ።»

«ሕዝቡ ከኋላ ነው ያለው። እናንተ ካሜራውን አዙሩት።»

ካሜራው አልዞረም። ወፍጮውም አልዞረም። በዜናው ላይ የታየው ወፍጮ የእኛ አይደለም፤ ከሌላ ሰፈር ተቀርጾ የመጣ የሰው ወፍጮ ነው። ጎረቤት ሁሉ አይቶ ሳቀ፤ ወ/ሮ እታገኝ ግን አልሳቁም። «የውስጥ ተራ እስኪበራ ይህ ወፍጮ አይዞርም» አሉ። አልዞረምም።

በዚያ ምክንያት ብዙ ተባሉ። ስብሰባ ላይ «ፀረ ልማት» ተባሉ። ስድሳ ዓመት ጭድ ተራን ሲያለሙ የኖሩ ሴት! የፊት ተራ ባለሱቆች ከፊሎቹ «ለምን ታስቆጪብናለሽ? ለእኛ ገብቶልናል» ብለው ሰላምታ ነሷቸው። ዛሬ ነጠላ አዘቅዝቃችሁ ቆማችኋል፤ እያየኋችሁ ነው። ልጃቸው ፀደይ እንኳ «እማዬ፣ ያንቺ መዝጋት ማንን ጎዳ? ራስሽን ነው እኮ» ብላ አልቅሳ ለምናቸዋለች። «የውስጥ ተራ ሳይበራ ለእኔ ከበራልኝ ከሦስቱ ጋር አራተኛ ሆኜ ተስማማሁ ማለት ነው» አሏት። መሬቱ በሰው ልኮ፣ የውስጥ ተራ ላለው የእህል መጋዘናቸው ብቻ «በልዩ ሁኔታ» መስመር እንደሚገባ ነገራቸው። «ልዩ ሁኔታውን ለኢማን ስጧት» ብለው መለሱ። መልእክተኛው ኢማን ማን እንደሆነች እንኳ አልጠየቀም።

የዚህ ጽሑፍ አዘጋጅ ከእህቱ ጋር በብዙ ነገር ተጣልቷል። በዚህ ጉዳይ ግን አንድም ቀን አልተሟገታቸውም። ይህም ይጻፍ።

ወ/ሮ እታገኝ የኩላሊት ሕመም ስለጠናባቸው በኅዳር ወር 2018 ዓ.ም. ሆስፒታል ገቡ። ልጆቻቸው ሌት ተቀን ሳይለዩ አስታመዋቸዋል፤ እግዚአብሔር ብድራቸውን ይክፈላቸው። ሦስቱ ኃላፊዎችም አብረው ብርቱካን ይዘው ሊጠይቋቸው መጡ። እውነቱን ለመናገር ፊታቸው አዝኗል። መንገዱ እጃቸውን ይዞ «እናታችን፣ እርስዎ እኮ ነዎት ያገናኙን። ምን እናድርግልዎ?» አላቸው።

ወ/ሮ እታገኝ ሦስቱንም በየተራ አዩአቸው።

«መልሳችሁ ተኳረፉልኝ» አሉ።

ሳቁ። ቀልድ መሰላቸው። እርሳቸው ግን ፊታቸውን ወደ ግድግዳው አዞሩ። በሽተኛ እንዳናደክም ብለው ብርቱካኑን አስቀምጠው ወጡ።

ወ/ሮ እታገኝ ወርቅነህ ታኅሣሥ 11 ቀን 2018 ዓ.ም. በተወለዱ በሰባ ዓመታቸው ዐረፉ። ሥርዓተ ቀብራቸውም ይኸው ዛሬ ወዳጅ ዘመድ በተገኘበት ይፈጸማል።

አሁን አቶ በሪሁን በእጃቸው አንድ ወረቀት ይዘዋል። ሦስቱ መሥሪያ ቤቶች በጋራ የላኩት የሐዘን መግለጫ ነው፤ ከዚህ ታሪክ ቀጥሎ እንዲነበብ ታስቧል። ወ/ሮ እታገኝ «ለቅንጅታዊ አሠራራችን ስኬት የተባበሩን እናት» ናቸው ይላል። አይነበብም። ቤተሰቡ ተመካክሮበታል፤ ይድነቃቸውም ፀደይም አይነበብ ብለዋል። እህታችን ለዚያ አልተባበሩም። እርሳቸው እምቢ ያሉ ሴት ናቸው፤ እምቢ እንዳሉም ሞተዋል። አቶ በሪሁን ወረቀቱን አጥፈው ኪሳቸው ይክተቱት።

ወ/ሮ እታገኝ የአንድ ወንድና የአንዲት ሴት ልጅ እናት፣ የልጅ ልጆችም አያት ነበሩ። ከኋላቸው የቀሩት ልጆቻቸው፣ የልጅ ልጆቻቸውና ወንድማቸው ብቻ አይደሉም። የውስጥ ተራ ልብስ ሰፊዎች፣ ፀጉር ቆራጮች፣ ኮት ተኳሾች፣ ከነልጆቻቸው በሻማ የሚያመሹ ጎረቤቶቻቸው ሁሉ ቀርተዋል። በሐዘንተኛ ዝርዝር ውስጥ ይግቡ፤ ያስገባኋቸው እኔ ነኝ።

በመጨረሻ፣ ስለ ለቅሶው ድንኳን። ዕድሩ ለመኪና እንዲመች አስፋልት ዳር፣ ከፊት ተራ እንዲተከል ወስኖ ነበር። በእርሳቸው ኑዛዜ መሠረት የተተከለው የውስጥ ተራ፣ ከኢማን ደጃፍ ላይ ነው። ጄኔሬተር እናውስ ያሉ ነበሩ፤ አመስግነን መልሰናል። ኃላፊዎችም አምሽታችሁ ልትደርሱን እንዳሰባችሁ ሰምተናል። ኑ። ለቅሶ የመጣን ሰው የምንመልስ ሰዎች አይደለንም። ቦታ እንለቅላችኋለን፣ እጃችሁን እናስታጥባችኋለን፣ እንጀራም እናቀርብላችኋለን። ወጡ የት ጋ እንደፈሰሰ ግን እንደኛው በእጃችሁ እየዳበሳችሁ ታገኙታላችሁ።

ለወ/ሮ እታገኝ ነፍስ የፊት ተራና የውስጥ ተራ በሌለበት ማረፊያ ይስጥልን። ለእኛም የእርሳቸውን እምቢታ ያድርግልን። አሜን።

ወንድማቸው
አስናቀው ወርቅነህ
ጭድ ተራ